የሙዚቃው ደራሲ የጆአኪኖ ሮሲኒ የሕይወት ታሪክ

በቲያትር ቤት የተቀመጠ ሰው የሚያየው ከመጋረጃው በስተፊት ያለውን ብቻ ነው። ከመጋረጃው በስተኋላ ግን ገመድ ይበጠሳል፤ ልብስ ይጠፋል፤ ዘፋኝ ይታመማል፤ ደራሲውም የሚይዘውንና የሚጨብጠውን ያጣል። እኛም ባለፈው ዓመት በትምህርት ቤታችን በዓል ቀን ባሳየነው ቲያትር፣ መጋረጃው ከመንገድ ተይዞ አልወርድም ስላለ፣ ሞቶ የተኛው ንጉሥ ሕዝቡ ሁሉ እያየው ተነሥቶ በእግሩ ለመሄድ ተገደደ። ወላጆቻችንና መምህሮቻችን ከልባቸው ሳቁ፤ እኛ ግን እጅግ አፈርን። ንጉሡን ሆኖ የሠራው ጓደኛችንም ከእንግዲህ ወዲህ መድረክ ላይ አልወጣም ብሎ ማለ። እስከ ዛሬም መሐላውን አላፈረሰም።

ስለዚህ በዚህ የበዓል መጽሔት አንድ ነገር እንድንጽፍ በታዘዝን ጊዜ፣ ከመጋረጃው በስተኋላ የደረሰበትን ችግርና ውርደት ወደ ዜማ የለወጠውን የኢጣልያዊውን የሙዚቃ ደራሲ የጆአኪኖ ሮሲኒን ታሪክ መረጥን። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሮሲኒ የተወለደው ፌብሩዋሪ 29 ቀን 1792 በፔሳሮ ከተማ ነው። ፔሳሮ በአድርያቲክ ባሕር ዳር የምትገኝ ትንሽ ከተማ ስትሆን በዚያን ዘመን የምትተዳደረው በሮማው ፓፓ መንግሥት ሥር ነበር። የተወለደበት ቀን በአራት ዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የሚመጣ በመሆኑ፣ ሰባ ስድስት ዓመት ኖሮ ያገኛቸው የልደት ቀኖች ሃያ እንኳ አልሞሉም። አባቱ ጁሴፔ የከተማው መለከት ነፊ ነበር፤ በዚህም ላይ የቄራ ተቆጣጣሪ ሆኖ ይሠራ ነበር። እናቱ አና የዳቦ ጋጋሪ ልጅ ነበረች።

የፈረንሳይ ጦር ወደ ኢጣልያ በገባ ጊዜ አባትየው የፈረንሳዮቹን አዲስ ሐሳብ ደግፎ ስለ ተናገረ፣ የቀድሞው መንግሥት ሲመለስ ተይዞ ታሰረ። እናቲቱም ልጅዋን ለማሳደግ በየከተማው ቲያትር ቤት እየዞረች ትዘፍን ጀመር። ኖታ ማንበብ አታውቅም ነበር፤ ዜማውን ሁሉ በጆሮዋ ሰምታ በቃልዋ ትይዘው ነበር። ልጁ ግን አስቸጋሪ ስለ ነበረ፣ አባቱ ለቅጣት ብሎ ከአንጥረኛ ቤት አስገብቶት ወናፍ እንዲነፋ አደረገው ይባላል። በኋላ ዘመን ሮሲኒ እናቱን የሚወድ ልጅ መሆኑን ዓለም ሁሉ ያወቀው ከየከተማው ይጽፍላት በነበረው ደብዳቤ ነው።

በ1804 ቤተ ሰቡ ወደ ቦሎኛ ከተማ ሄደ። ሮሲኒ በዚያ ከ1806 ጀምሮ በሙዚቃ ትምህርት ቤት ገብቶ ስታኒስላኦ ማቴይ ከሚባሉ መነኩሴ ዘንድ ተማረ። ትምህርቱ ጥብቅና ደረቅ ነበር። እርሱ ግን በዚያ ብቻ አልረካም። የሃይድንንና የሞዛርትን ድርሰቶች እያገኘ፣ መጀመሪያ የዘፋኙን ዜማ ብቻ ይገለብጥና የኦርኬስትራውን ክፍል በራሱ ሐሳብ ይሞላ ነበር፤ ከዚያም የራሱን ሥራ ከታላላቆቹ ሥራ ጋር እያስተያየ ስሕተቱን ያርም ነበር ይባላል። ጓደኞቹም የጀርመንን አገር ሙዚቃ ስለሚወድ ትንሹ ጀርመናዊ የሚል ቅጽል ስም አወጡለት። ከትምህርቱ በተረፈው ጊዜ በየቲያትር ቤቱ ከክላቪሴን አጠገብ ተቀምጦ ዘፋኞችን ሲያለማምድ ይውል ነበር። ከመጋረጃው በስተኋላ ያለውን ዓለም ያወቀው ገና በልጅነቱ ነው።

አንባቢ የሚቀጥለውን ነገር እንዲረዳ፣ በዚያን ዘመን በኢጣልያ ኦፔራ እንዴት ይዘጋጅ እንደ ነበረ ማስረዳት ያስፈልጋል። ኦፔራ ማለት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በዜማ የሚሠራ ቲያትር ነው። የቲያትር ቤቱ ሹም ደራሲውን በውል ይቀጥረዋል፤ ደራሲውም ጥቂት ሳምንት ሲቀረው ይመጣና ሹሙ ለቀጠራቸው ዘፋኞች፣ ደኅናም ይሁኑ ደካማ፣ በድምፃቸው ልክ ዜማ ይጽፋል። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሌሊቶችም ራሱ ከክላቪሴኑ አጠገብ ተቀምጦ እንዲመራ በውሉ ይገደዳል። ሕዝቡ የወደደው እንደ ሆነ ያጨበጭባል፤ የጠላው እንደ ሆነ ደራሲው ፊት ለፊት ተቀምጦ ሳለ ያፏጭበታል።

ሮሲኒ የመጀመሪያ ኦፔራውን ለሕዝብ ያሳየው በ1810 በቬኒስ ከተማ ሲሆን ዕድሜው ገና 18 ነበር። ይህን የምንጽፈው እኛም በዚያው ዕድሜ ላይ ስለምንገኝ፣ ነገሩ እጅግ ያስደንቀናል፤ ትንሽም ያሳፍረናል።

በ1812 በዐቢይ ጾም ወራት ለፌራራ ከተማ ቲያትር ስለ ንጉሥ ቂሮስና ስለ ባቢሎን አንድ ኦፔራ ደረሰ። በጾም ወራት መድረክ ላይ እንዲታይ የሚፈለገው ከመጽሐፍ ቅዱስ የተወሰደ ታሪክ ነበርና። ለሁለተኛነት ክፍል የተቀጠረችው ሴት ግን ድምፅዋ የማይረባ ሆኖ ተገኘ። ውሉ ደግሞ ለርስዋም አንድ ዜማ ይጻፍላት ይላል። ሮሲኒ ሴቲቱን አስቀምጦ ድምፅዋን አንድ በአንድ መረመረ፤ ከሁሉም ውስጥ ሲ ቤሞል የሚባለው አንድ ድምፅ ብቻ ጆሮ የማይጎዳ ሆኖ አገኘው። ሌላ ደራሲ ቢሆን ኖሮ ወይ ከሹሙ ጋር ይጣላ ነበር፣ ወይ ሴቲቱን በሕዝብ ፊት ያሳፍራት ነበር። ሮሲኒ ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በዚያች በአንዲት ድምፅ ብቻ የሚዘፈን ዜማ ጻፈላት፤ የሚወጣውንና የሚወርደውን፣ የሚያምረውን ሁሉ ለኦርኬስትራው ሰጠው። ሕዝቡ ዜማውን ወደደው፤ አጨበጨበም፤ ሴቲቱም በደስታ ተመለሰች። ሮሲኒ ይህን ታሪክ በሽምግልናው ዘመን በ1855 ለጀርመናዊው ሙዚቀኛ ለፈርዲናንድ ሂለር አጫውቶታል።

ኦፔራው በጠቅላላው ግን አልተሳካም ነበር። ሮሲኒ ወደ ቦሎኛ በተመለሰ ጊዜ ወዳጆቹ ለግብዣ ቢጠሩት፣ ከለውዝና ከስኳር የተሠራ መርከብ አሠርቶ ይዞ ሄደ ይባላል። መርከቡ ምሰሶው ተሰብሮ፣ ሸራው ተቀዶ፣ በክሬም ባሕር ውስጥ የሰጠመ ሲሆን በሰንደቁ ላይ የተጻፈው የኦፔራው ስም ነበር። ወዳጆቹም እየሳቁ መርከቡን በሉት። ለእናቱም ሲጽፍ፣ ኦፔራው የወደቀ እንደ ሆነ በደብዳቤው ላይ የጠርሙስ ሥዕል ይሥልላት ነበር። በኢጣልያ ቋንቋ ፊያስኮ ማለት ጠርሙስ ሲሆን በቲያትር ሰዎች ዘንድ ውድቀት ማለት ነውና።

በጃንዩዋሪ 1813 በቬኒስ ባሳየው አንድ አጭር ኦፔራ ደግሞ ሌላ ብልሃት አመጣ። በዚያን ዘመን ሙዚቀኞቹ ኖታቸውን የሚያነቡት በሻማ ብርሃን ነበር። ቫዮሊን መቺ ሳያስበው ደጋኑ የሻማውን መያዣ የመታው እንደ ሆነ የሚሰማው የቆርቆሮ ድምፅ እንደ ጥፋት ይቆጠር ነበር። ሮሲኒ ይህንኑ ጥፋት በመክፈቻው ሙዚቃ ውስጥ አገባው፤ ሁለተኛ ቫዮሊን የሚመቱት ሰዎች በተወሰነ ቦታ ላይ መያዣውን በደጋናቸው በልክ እንዲመቱ በኖታው ላይ ጻፈ። የዚያ ሌሊት ሕዝብ ነገሩን እንደ ስድብ ቆጥሮ ተቆጣ፤ ኦፔራውም በዚያው ቀረ። ዛሬ ግን መክፈቻው በየአገሩ ይሰማል፤ ሰውም ያን ድምፅ በጉጉት ይጠብቀዋል።

የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል እንደሚባለው፣ ከሁሉ የከፋው ሌሊት የመጣው በፌብሩዋሪ 20 ቀን 1816 በሮማ ከተማ በአርጀንቲና ቲያትር ነው። ሮሲኒ የሴቪልያውን ፀጉር አስተካካይ ታሪክ ኦፔራ አድርጎ በሦስት ሳምንት ያህል ጽፎ ጨርሶ ነበር። ይህን ታሪክ ፓይዚየሎ የሚባል ስመ ጥር ሽማግሌ ደራሲ ከብዙ ዓመት በፊት በዜማ ደርሶት ስለ ነበረ፣ ሮሲኒ ሽማግሌውን ላለማስቀየም ለኦፔራው ሌላ ስም ሰጠው። ነገር ግን የሽማግሌው ደጋፊዎች ለማፏጨት ተዘጋጅተው መጡ። ሮሲኒን የቀጠረው የቲያትር ቤቱ ባለቤት መስፍንም ኦፔራው ሊታይ ጥቂት ቀን ሲቀረው በድንገት ሞተ።

በዚያ ሌሊት የሆነውን የነበሩበት ሰዎች እንደ ተናገሩት እንጽፋለን። ሮሲኒ የወርቅ ቁልፍ ያለው አዲስ ኮት ለብሶ ገና ሲገባ ሕዝቡ በልብሱ ሳቀ። ከመስኮት በታች ቆሞ ለወዳጁ የሚዘፍነው ስመ ጥሩው ዘፋኝ ማኑኤል ጋርሲያ ጊታሩን በመድረክ ላይ ሲቃኝ ክሩ ተበጠሰበት። ሌላው ዘፋኝ ሲገባ ተደናቅፎ ወደቀና አፍንጫው ደማ፤ ደሙን እየጠረገ ለመዝፈን ተገደደ። በመጀመሪያው ክፍል መጨረሻ ላይ ደግሞ አንዲት ድመት ከየት እንደ መጣች ሳትታወቅ ከዘፋኞቹ መካከል ገባች፤ አንዱ ወዲህ ሌላው ወዲያ ሲያባርራት ሕዝቡ እንደ ድመት እየጮኸ ያግዛት ጀመር። ፉጨቱና ሳቁ ሙዚቃውን ዋጠው።

የልጅቱን የሮዚናን ክፍል የሠራችው ዘፋኝ ገልትሩደ ሪጌቲ ጆርጂ ከቲያትሩ በኋላ ልታጽናናው ወደ ማረፊያው ብትሄድ ተኝቶ አገኘችው። በማግሥቱ ግን ሮሲኒ ዝም ብሎ አልተቀመጠም። መስተካከል አለበት ያለውን አስተካከለ። ያ ክሩ የተበጠሰበት የመስኮት ዘፈን ጋርሲያ ራሱ ያዘጋጀው ነበር ይባላል፤ ሮሲኒ በርሱ ፈንታ ቀድሞ ለሌላ ኦፔራ ከጻፈው የመዘምራን ዜማ አዲስ ዘፈን አውጥቶ ሰጠው ሲሉ ብዙዎች ይተርካሉ። ዜማው ከ1813ቱ ኦፔራው የተወሰደ መሆኑ የተረጋገጠ ነው። የመክፈቻው ሙዚቃም እንደዚሁ በሁለት ሌሎች ኦፔራዎች ላይ አገልግሎ የመጣ ነው።

በሁለተኛው ሌሊት ሮሲኒ ወደ ቲያትሩ ሳይሄድ ቀረ። ሌሊት ላይ በመንገዱ ጩኸትና የችቦ ብርሃን ቢያይ፣ ሕዝቡ ቤቱን ሊያቃጥል የመጣ መሰለው። የመጣው ግን ሊያመሰግነው ነበር። ከዚያ ወዲህ ይህ ኦፔራ ከዓለም መድረክ ጠፍቶ አያውቅም።

በሚቀጥለው ዓመት በሚላኖ በስካላ ቲያትር ሌባይቱ ቁራ የሚባለው ኦፔራው ሊታይ ቀኑ ደርሶ ሳለ የመክፈቻው ሙዚቃ ገና አልተጻፈም ነበር። ሹሙም ሮሲኒን ከቲያትሩ ጣራ ሥር ቆልፎበት አራት ሠራተኞች ጠባቂ አቆመበት፤ እነርሱም የተጻፈውን ወረቀት እየተቀበሉ በመስኮት ለገልባጮች ይወረውሩ ነበር፤ ወረቀት ከታጣ ደራሲውን ራሱን እንዲወረውሩት ታዘው ነበር ተብሎ ይነገራል። በከበሮ ድምፅ የሚጀምረው ያ መክፈቻ ከሥራዎቹ ሁሉ እጅግ ከሚወደዱት አንዱ ነው።

ከታሪኩ ሁሉ ግን ልባችንን የነካው የሚከተለው ነው። በ1818 በናፖሊ በሳን ካርሎ ቲያትር ሙሴ በግብጽ የሚባል ኦፔራ አሳየ። ታሪኩ ከኦሪት ዘጸአት የተወሰደ በመሆኑ ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ የምናውቀው ነው። ሕዝቡ ሙዚቃውን እጅግ ወደደ። ነገር ግን በመጨረሻው ክፍል እስራኤል የኤርትራን ባሕር የሚሻገሩበት ጊዜ ሲደርስ፣ በእንጨትና በጨርቅ የተሠራው ባሕር ከዳርቻው በላይ ብዙ ከፍ ብሎ ተሠርቶ ስለ ነበረ፣ ከላይ የተቀመጡት ሰዎች ባሕሩን የሚከፍሉትን ልጆች ከሥሩ ሆነው ሲጎትቱ ያዩአቸው ነበር። የእግዚአብሔር ተአምር መሆኑ ቀርቶ የልጆች ጨዋታ ሆነ፤ ሕዝቡም ሳቀ። በየሌሊቱ እንዲሁ ሆነ።

በ1819 በጾም ወራት ኦፔራው እንደ ገና ሊታይ በሆነ ጊዜ መካኒኩ ባሕሩን ሊያሻሽለው አልቻለም። የፈረንሳዩ ጸሐፊ ስታንዳል እንደሚተርከው፣ ግጥሙን የጻፈው ቶቶላ አንድ ቀን ሮሲኒ ገና ከአልጋው ሳይነሣ እየሮጠ መጣ፤ እስራኤል ባሕሩን ከመሻገራቸው በፊት የሚጸልዩትን ጸሎት በአንድ ሰዓት ውስጥ ጽፎ ነበርና። ሮሲኒ ወረቀቱን ተቀብሎ፣ ወዳጆቹ በክፍሉ ውስጥ እየተጫወቱ፣ ያለ ምንም የሙዚቃ መሣሪያ በአሥር ደቂቃ ያህል ዜማውን ጻፈው። ስታንዳል ወሬ ማሳመር የሚወድ ሰው ስለ ነበረ ደቂቃውን አንቆጥርም፤ ጸሎቱ ግን በዚያ ዓመት ለመታየቱ ጥርጥር የለውም።

ሕዝቡ እንደ ልማዱ ለመሳቅ ተዘጋጅቶ ሳለ ሙሴ ወደ ሰማይ ቀና ብሎ መጸለይ ጀመረ። ከሥሩ የሚሰማው የሃርፕ ድምፅ ነው። ሙሴ አንዱን ክፍል ሲጨርስ ሕዝበ እስራኤል ተንበርክኮ ይመልሳል፤ ከዚያ አሮን ይቀጥላል፤ ሕዝቡ እንደ ገና ይመልሳል፤ ሦስተኛውንም ክፍል አንዲት ሴት ልጅ ትቀበላለች። እስከዚህ ድረስ ዜማው የኀዘን ነው። በመጨረሻው ግን ያው ዜማ በድንገት ወደ ደስታ ድምፅ ይለወጣል፤ በጨለማ ቤት መስኮት እንደ ተከፈተ ያህል ነው። ተመልካቾቹ ባሕሩን ማየት ረሱ፤ ከመቀመጫቸው ተነሥተው አጨበጨቡ። ባሕሩ ያው የእንጨትና የጨርቅ ባሕር ነበር፤ ልጆቹም ከሥሩ ነበሩ። የተለወጠው የሰሚው ልብ ነው። በኋላም ታላቁ ቫዮሊን መቺ ፓጋኒኒ ይህንኑ ጸሎት ወስዶ በቫዮሊኑ በአንዲት ክር ብቻ የሚመታ ድርሰት አደረገው።

በ1827 ሮሲኒ ይህን ኦፔራ ለፓሪስ አስፋፍቶ አዘጋጀው። ነገር ግን ሊታይ አንድ ወር ያህል ሲቀረው እናቱ በቦሎኛ ሞተች። ሕዝቡ በጭብጨባ ወደ መድረክ በጠራው ጊዜ፣ እናቱ ይህን ለማየት አለመኖርዋን በልቡ እያሰበ አዝኖ ቆመ ይባላል።

በ1829 ጊዮም ቴል የሚባለውን ኦፔራ ካሳየ በኋላ፣ ገና 37 ዓመቱ ሳለ፣ ኦፔራ መጻፍ ተወ። የጻፋቸው 39 ነበሩ። ከዚያ በኋላ ወደ አርባ ዓመት ያህል ኖረ፤ ከነዚህም ብዙዎቹን በበሽታና በመንፈስ ጭንቀት አሳለፈ። በሽምግልናው በፓሪስ ተቀምጦ ጤናው ሲመለስለት፣ የእርጅና ኃጢአቶች ብሎ በቀልድ የጠራቸውን ከመቶ ሃምሳ የሚበልጡ ትንንሽ ድርሰቶችና በ1864 የተሰማውን የቅዳሴ ሙዚቃ ጻፈ። ኖቬምበር 13 ቀን 1868 በፓሪስ በፓሲ ሞተ። በኑዛዜው ሀብቱን ለተወለደባት ለፔሳሮ ከተማ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ማቋቋሚያ ተወ፤ ትምህርት ቤቱ በ1882 ተከፍቶ እስከ ዛሬ ያስተምራል። ድምፃቸው ለደከመ ዘፋኞችም በፓሪስ መጦሪያ ቤት እንዲሠራ አሰበ። እናቱ ድምፅዋ ደክሞ መድረኩን የተወች ዘፋኝ እንደ ነበረች እናስታውስ። በ1887 አፅሙ ከፓሪስ ወደ ፍሎሬንስ ወደ ሳንታ ክሮቼ ቤተ ክርስቲያን በመጣ ጊዜ፣ ሦስት መቶ ዘፋኞች ያን የሙሴን ጸሎት በደጁ ዘመሩ፤ ሕዝቡም እንደ ገና ይደገም ብሎ ለመነ። ሊሳቅበት የነበረው ቦታ የተሞላበት ዜማ የደራሲው መሸኛ ሆነ።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር ተማርን። አንደኛ፣ አባቶቻችን ሳይደግስ አይጣላም እንደሚሉት፣ በችግር ውስጥ የተደበቀ ስጦታ አለ። ሁለተኛውም ከዚህ ይበልጣል፤ ድግሱን የሚያገኘው የተዘጋጀ ሰው ነው። የጊታር ክር ለብዙ ሰው ተበጥሷል፤ ድመትም በብዙ መድረክ ላይ ሳትወጣ አልቀረችም። ሮሲኒ በአሥር ደቂቃ ጻፈ የተባለውን ጸሎት የጻፈው፣ በልጅነቱ የሃይድንንና የሞዛርትን ኖታ ሲገለብጥ ብዙ ሌሊት ስላሳለፈ ነው። አንዲቱንም ድምፅ ያገኘው ሴቲቱን ከመናቅ ይልቅ ታግሦ ስላዳመጣት ነው።

በዚህ ዓመት መጨረሻ እኛ ከዚህ ትምህርት ቤት እንወጣለን። ከመጋረጃ በስተኋላ ገና ብዙ ገመድ ይበጠስብናል። ያን ጊዜ ለእናቶቻችን የጠርሙስ ሥዕል መላክ እናፍር ይሆናል፤ ነገር ግን በማግሥቱ እንደ ሮሲኒ ተነሥተን የጎደለውን ለመሙላት ያብቃን። ንጉሥ ሆኖ የሠራው ጓደኛችንም ይህን ጽሑፍ ያነበበ እንደ ሆነ፣ መሐላውን እንዲያፈርስ እንለምነዋለን። የዘንድሮው ቲያትር ያለ ንጉሥ ቀርቷልና።